ባለ 15 ምሥጢሩ የመነኮሳት መቁጠሪያ፦ ከወራት ጸሎት በኋላ

ይሄ መቁጠሪያ ኪስ ውስጥ አይገባም። 15 ምሥጢር ማለት ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት 15 ነገሮችን እያሰቡ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ጊዜ “ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ” ማለት ነው። ዶሚኒካን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳትና ሲስተሮች በነጩ ቀሚሳቸው ላይ ከሚታጠቁት የቆዳ ቀበቶ በግራ ጎን የሚያንጠለጥሉት ዓይነት ነው። ሮም ውስጥ፣ እሑድ እሑድ በሚቆመው የፖርታ ፖርቴዜ ገበያ በ80 ዩሮ ገዛሁት። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ እጸልይበታለሁ።

ሻጩ “የድሮ ነው” ከማለት ሌላ ምንም አልነገረኝም። ዕቃው ግን ራሱ ይናገራል። አንደኛው ጫፍ ላይ ቀበቶ የሚይዝ መንጠቆ አለው። ትልቅ ሽምብራ የሚያህሉት ጥቁር የእንጨት ፍሬዎች በአንድ ወገን ለስልሰው ጠፍጠፍ ብለዋል። ለዓመታት ከልብስ ጋር ሲታሹ የኖሩበት ወገን ነው። መስቀሉ የናስ ጠርዝ ያለው ሆኖ መሐሉ በጥቁር እንጨት ተሞልቷል። ከጌታ እግር ሥር የአዳም ራስ ቅል አለ፤ በእኛ አገር የስቅለት ሥዕሎች ላይ የምናውቀው የጎልጎታው ራስ ቅል። ባለ 15 መሆኑ ብቻውን የዶሚኒካን አያሰኘውም፤ ሬደምፕቶሪስት የተባለው ሌላ የካቶሊክ ማኅበር አባላትም ባለ 15 ይታጠቁ ነበር። ከመስቀሉ አጠገብ የማኅበሩ መሥራች የቅዱስ ዶሚኒክ ሜዳልያ ስላለበት ነው የገዛሁት።

ብዙ ሰው መቁጠሪያ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። የፍራንሲስካኖቹ አክሊል ሰባት ምሥጢር አለው። ሁለት ተጨምሮ 72 ጊዜ “ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ” ይባልበታል፤ በእነሱ ትውፊት እመቤታችን በምድር የኖረችው 72 ዓመት ነውና። በእኛ አገር የኦርቶዶክስ መቁጠሪያ 64 ፍሬ የሚሆነው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ ዕድሜዋ 64 ነው ተብሎ። ሰርቪት የተባለው ማኅበር መቁጠሪያ ደግሞ ሰባቱን ሐዘኖቿን ሰባት ሰባት ፍሬ አድርጎ ይቆጥራል። የእኔው 150 ነው፤ እንደ መዝሙረ ዳዊት ቁጥር። ማንበብ የማይችል ምእመን በዳዊት ምትክ የሚደግመው ሆኖ ነው የተስፋፋው። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል።

ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። ሥራዬ ሌሊት አዛውንት መጠበቅ ነው። መብራት አጥፍቼ ስጸልይ ትልልቆቹ ፍሬዎች ጣቴ ላይ አይጠፉብኝም። በትንሿ የኪስ መቁጠሪያ ግን ሁሌም ቁጥር ይምታታብኝ ነበር። ክብደቱም ይረዳል። ሐሳቤ ሲበተን እጄ ላይ ያለው ነገር ይመልሰኛል። ሙሉውን 15 በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ የደስታውን አምስት ምሥጢር ጠዋት፣ የሐዘኑን አምስት ከሰዓት፣ የክብሩን አምስት ሌሊት አደርሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አምስቱን የብርሃን ምሥጢራት ሲጨምሩ ቁጥሩ 20 ሆኗል። ስለዚህ የብርሃኑ ቀን በሆነው ሐሙስ ከመጀመሪያው አምስት ላይ እንደገና እጀምራለሁ። ምንም አይቸግርም።

ችግሩ ድምፁ ነው። ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። የምጠብቃቸው እማማ ግን ወደዱት። ልጅ ሆነው ሲስተሮች ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ ሲስተሯ ከመድረሷ በፊት የመቁጠሪያዋን ድምፅ ሰምተው ቀጥ ብለው ይቀመጡ እንደነበር አጫወቱኝ። እንቅልፍ ላይ ሲሆኑ ጉልበቴ ላይ ፎጣ አነጥፌ በዚያ ላይ አኖረዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር ዝገት ነው። ሽቦው የብረት ስለሆነ እርጥበት ከነካው ነጭ ልብስ ላይ ቡኒ ምልክት ይተዋል። ውኃ አላስነካውም። በደረቅ ጨርቅና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው የማጸዳው። አንዱ ቀለበት ሲከፈት በሁለት ፒንሳ ይዤ ወደ ጎን በማዞር ዘጋሁት። ወደ ውጭ ከተፈለቀቀ ይሰበራል። መስቀሉን እስኪያብረቀርቅ ወልውለው ያለኝ ወዳጅ አለ። አላደርገውም። የጌታ ፊትና ጉልበት ደብዝዟል፤ ያደበዘዘው በየቀኑ የተሳለመው ሰው ነው። ያንን ማጥፋት ለእኔ በደል ነው።

ገበያው ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ለምን እንደበዛ የሚጠይቅ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የመነኮሳት ልብስ ቀለል እንዲል ካዘዘ በኋላ ብዙ ማኅበራት ቀሚሱንም ትልቁን መቁጠሪያም ተዉ። ገዳማትም ተዘጉ። ዕቃው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ በተተካው የ1917ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተባረከ ዕቃ ለሕዝብ ሽያጭ ከቀረበ ቡራኬው ይቀር ነበር። እኔም ከመጸለዬ በፊት ለካህን ሰጥቼ አስባረክሁት።

ቀበቶዬ ላይ አልሰካውም። መታጠቁ መሐላ የፈጸሙት ሰዎች ነው፤ ጸሎቱ ግን የሁላችንም ነው። አንገት ላይ ለጌጥ ሲደረግ ሳይ ያመኛል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይይ፤ ያለቁት በብዛት መንጠቆው አካባቢ ነው። በብሎን የሚከፈት መስቀል አይቶ “ውስጡ የቅዱሳን አፅም አለ” ከተባለ ይተወው፤ ቅዱስ አፅም መሸጥ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል። የሚጸልይበት ሰው ግን 80 ዩሮ አይቆጨውም፤ እኔን አልቆጨኝም።