ሲካፍሌክስ 221 ኮላ ለካራቫን ኪችን ሴራሚክ፣ ከአንድ ሰመር ጉዞ በኋላ

እኛ ቤት በካራቫን፣ ማለት በመኪና በሚጎተት ቤት፣ ሲወጣ ሳንድዊች ተበልቶ አይመለስም፣ ሽንኩርት ይቁላላል በርበሬ ይገባል ዘይቱ ይፈናጠራል፣ ከዛ ከምድጃው ጀርባ ያለው ክሬም ቀለም ግድግዳ ቀይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። በሳሙናም በምንም አይለቅም ምክንያቱም ግድግዳው ፕላስቲክ ነገር የተቀባ ወረቀት ነው የለበሰው። ባለቤቴ ሴራሚክ ይለጠፍበት አለች፣ እኔም ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

የካራቫን ግድግዳ ግን ግድግዳ አይባልም። የኛ የ2006 ሞዴል ነው፣ ከውስጥ 3 ሚሊሜትር የማትሞላ ኮምፔንሳቶ፣ ከሷ ቀጥሎ ነጭ ፎም፣ ከውጪ ስስ አልሙኒየም ላሜራ፣ ሁሉም ተደምሮ 3 ሴንቲሜትር አይሞላም። በጣት ስትጫኑት ይገባል። ቪቲ ብታስሩበት የሚይዘው እንጨት የለም፣ መሀል መሀል ካለችው ቀጭን እንጨት በስተቀር፣ ደሞ ሽቦ ሊኖር ይችላል ስለዚህ መብሳት የሚባለውን ነገር ተዉት። ሌላው ክብደት ነው። ከባዶ ክብደቱ በላይ የተፈቀደልን ጭነት 150 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፣ ጋዙ ባትሪው ልብሱ ድስቱ ሁሉ ከዛ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ተራ 8 ሚሊሜትር ሴራሚክ ደግሞ በካሬ ሜትር 16 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ኮላው ሳይጨመር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን ተለጣፊ ፕላስቲክ ታይል ነበር፣ የማን እንደሆነ አልናገርም። እንግሊዝ ውስጥ ከሊድስ ስካርብራ በኤ64 መንገድ ሄደን ስንመለስ ግማሹ ወድቆ አገኘነው። አንስቼ ሳየው ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነው ያየሁት፣ ታይሉ ጀርባ ላይ የግድግዳው ወረቀት ተለጥፎ መጥቷል። ማለትም ማጣበቂያው ሥራውን ሰርቷል፣ ከእንጨቱ የተላቀቀው ወረቀቱ ነው። ይቺን ነገር ልብ በሏት፣ ኋላ የጠቀመችኝ እሷ ናት።

አዲስ አበባ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ደወልኩለት። «ጋሼ የሲሚንቶ ኮላ የሚሆነው ለማይነቃነቅ ግድግዳ ነው፣ ያንተ ግድግዳ እኮ መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ አብሮ የሚሳብ ኮላ ፈልግ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ካራቫን ሲጎተት ሰውነቱ ይጠማዘዛል፣ ክረምት ይበርዳል በፀሐይ ይግላል፣ ደረቅ ኮላ ይሰነጠቃል። በዚህ ነው ሲካፍሌክስ 221 ጋ የደረስኩት፣ ፖሊዩሬቴን ነው፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ይለጠጣል። 300 ሚሊ ካርትሪጅ ነው፣ ሦስት ፈጀሁ፣ ወደ 40 ፓውንድ።

ታይሉን ደግሞ 4 ሚሊሜትር የመስታወት ሞዛይክ አደረግኩት፣ መረብ ላይ ተለጥፎ በ30 በ30 ሴንቲ ሺት የሚሸጠውን። ግድግዳችን 1 ሜትር ከ20 በ40 ሴንቲ ነው። ኮላውም መሙያውም ተጨምሮ በሚዛን ሳየው 6 ኪሎ ተኩል መጣ፣ በተራ ሴራሚክ ቢሆን ከ9 ኪሎ ያልፍ ነበር።

አሠራሩ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቅድም የተላቀቀው ወረቀቱ ስለነበር የላላውን ወረቀት በሙሉ ላጥኩ፣ ያልላላውን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጌ በአልኮል ሁለቴ ጠረግኩ፣ የዘይት ሽታ እንኳን መቅረት የለበትም። ኮላውን በጥርሳም ማንኪያ ስስ አድርጌ አለበስኩ፣ ታች የእንጨት ድጋፍ አቆምኩ፣ ከላይ በወረቀት ቴፕ ይዤ አሳደርኩት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር አለ፣ ይሄ ኮላ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፣ መስታወቱ ደግሞ አየር አያሳልፍም፣ ስለዚህ የሚተነፍሰው በመገጣጠሚያዎቹ ክፍተት ብቻ ነው፣ በማግስቱ ክፍተቱን ከሞላችሁት ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። እኔ አምስት ቀን ነው የተውኩት። ከዛ ክፍተቱን የሞላሁት በአክሪሊክ ግራውት ነው፣ በሚለጠጠው፣ የሲሚንቶውን አይደለም። ዳርና ዳሩን ደግሞ ሲልኮን።

የኮላውን ቀለም ስትመርጡ ነጩን ውሰዱ። መስታወቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጥቁሩ ኮላ ከኋላ ይታያል፣ እኔ በአንድ ቁራጭ ሞክሬ አይቼ ነው የተመለስኩት።

ከእሳቱ በቀጥታ ጀርባ ያለውን ቦታ ግን በኮላና በኮምፔንሳቶ ብቻ አላመንኩትም። 1 ሚሊሜትር የማይዝግ ብረት ላሜራ ከሞዛይኩ ፊት ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩ፣ ትልቅ ድስት ስንጥድ እሳቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል። ካራቫናችሁ ላይ የተበሳ የአየር መግቢያ ካለ ደግሞ እባካችሁ ለውበት ብላችሁ እንዳትሸፍኑት፣ ጋዝ ያለበት ቤት ነው ልጆች ይተኙበታል።

አሁን ውጤቱን ልንገራችሁ። ከሰመሩ መጀመሪያ ጀምሮ አራት ጊዜ ስካርብራ፣ አንዴ እስከ ግላስጎው ድረስ ሄደናል። አንድም ቁራጭ አልወደቀም፣ ግራውቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ የለም። በርበሬው በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲጠረግ ይለቃል፣ ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሰርታበታለች ከዚህ በላይ ፈተና የለም።

የማይመቸውም አለው፣ የፖሊዩሬቴን ሁሉ ባህሪ ነው። እጅ ላይ ከነካ ቀናት ይቆያል ስለዚህ ጓንት ግዴታ ነው፣ ሳይደርቅ ትነቱ ጥሩ አይደለም በርና መስኮት ከፍቶ ነው መሥራት። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም፣ ታይሉን ላንሳ ብትሉ ኮምፔንሳቶው አብሮ ነው የሚመጣው። ካራቫኑን በቅርብ የምትሸጡ ከሆነ ባትሠሩት ይሻላል፣ ለምታቆዩት ግን ከ5 ኮከብ 4 ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ስምንት ሺት ገዝቼ ሁለት ተርፎኛል፣ ሻወሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ግድግዳ ከመስከረም በፊት በዚሁ ልሠራት ነው።