ልብ ወለድን ከደራሲው ጋር ወይስ ያለ ደራሲው?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የንባብ ክበባችን በበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ በ«ኦሮማይ» ላይ ለሁለት ተከፍለናል። ወጣቶቹ ጽሑፉ ብቻውን ይበቃል ይላሉ፤ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር፣ የአስመራ ሕይወት፣ የትረካው ፍጥነት። ደስ የሚል ንባብ ነው።

እኔ የደራሲውን ሕይወትና ዘመኑን አስቀድማለሁ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ አማፂያን ላይ የከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቷል። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ደብዛው ጠፋ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ስለ ዘመቻው ሲያወራ የደራሲውንም የኅሊና ሙግት ይሰማል። ያለዚህ እውቀት ድፍረቱ እንዴት ይታያል?

አንድ ነገር ግን ለወጣቶቹ እሰጣቸዋለሁ፦ «ይህ ገጸ ባሕርይ እገሌ ነው» እያሉ ባለሥልጣናትን ማሳደድ ልብ ወለዱን ሐሜት ያደርገዋል።