«ቀኑ በመቶ ዶላር ይቀየራል» ተብለን 1,250 ዶላር የከሰርንበት የክሩዝ ውል

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ለምትኖሩና ከባልቲሞር ወደብ በሚነሱ መርከቦች ለእረፍት ለመሄድ ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ የጉዞ ቀን ወይም መርከብ «መቀየር» ማለት፣ በአብዛኞቹ የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ኩባንያዎች ዘንድ፣ የድሮውን ውል ቅጣት ከፍሎ ማፍረስና በዕለቱ ዋጋ አዲስ ውል መግባት ማለት ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ይህን የተረዳነው ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው። ትኬቱን የሸጠልንን የጉዞ ወኪል ቤትም ሆነ የመርከቡን ኩባንያ በስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ውል የሚያስፈርሙት ብዙዎች ስለሆኑ አንዱን ሸሽታችሁ ሌላው ጋ ብትሄዱም ይኸው አንቀጽ ይጠብቃችኋል።

ጉዞው ኦገስት 9 ተነስቶ ሰባት ሌሊት ወደ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ ሲሆን፣ ሁለታችን አንድ ክፍል ይዘን ነበር። የእያንዳንዳችን የጉዞ ዋጋ 1,050 ዶላር፣ ግብርና የወደብ ክፍያ ደግሞ 190 ዶላር፣ በድምሩ ለሁለታችን 2,480 ዶላር ነው። ስንመዘገብ ለእያንዳንዳችን 250 ዶላር ቀብድ ከፍለናል። ወኪሏ የአገራችን ልጅ በመሆኗና ሁሉን በአማርኛ ስላስረዳችን ተማምነን፣ አሥራ አራት ገጽ የሆነውን የእንግሊዝኛ ውል አላነበብነውም። «የቀረጥ ፎርም ታነብባላችሁ፣ የእረፍት ወረቀት ግን አታነቡም» ብሎ የቀለደብን የአክስታችን ልጅ እውነቱን ነበር። ስንመዘገብ «ቀኑ ካልተመቸን መቀየር ይቻላል ወይ?» ብለን ጠይቀን «አዎ፣ በሰው መቶ ዶላር ብቻ» የሚል መልስ አግኝተናል። መልሱ ውሸት አልነበረም። እስከ መቼ ድረስ እንደሚሠራ ግን አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ጁላይ 5 ቀን እህቴ ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው የዜግነት ቃለ መሐላ ደብዳቤ ደረሳት፤ ቀኑ ኦገስት 12፣ ማለትም መርከቡ ባሕር ላይ በሚሆንበት ሳምንት ነው። ቀኑ እንዲዘዋወርላት ምክንያቷን ጽፋ የኢሚግሬሽን ቢሮውን መጠየቅ ትችል ነበር፤ ነገር ግን አዲሱ ቀን መቼ እንደሚሆን የሚያረጋግጥ የለም፣ እሷም ዜግነቷን የምትቸኩልበት እናታችንን ለማምጣት ማመልከቻ ለማስገባት ነውና «ባሕሩ የትም አይሄድም» ብላ ወሰነች። በማግስቱ ወደ ወኪሏ ደወልን። እህቴ ቡና እየቆላች፣ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ወኪሏ በኦገስት 23 የሚነሳው መርከብ ክፍል እንዳለው፣ የዋጋው ልዩነትም ለአንድ ሰው 140 ዶላር ገደማ እንደሆነ ነገረችን። እኔም የቆየውን መቶ ዶላር ጨምሬ፣ ለሁለታችን 480 ዶላር ብንጨምር ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰላሁ። «እስከ ጁላይ 9 ካልወሰናችሁ ግን ቅጣቱ ይጨምራል፤ ሊንክ ልኬላችኋለሁ፣ እስማማለሁ የሚለውን ተጫኑት» አለችን። «ቅጣት» የሚለው ቃል በዚያች ቅጽበት ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የኢሜይሉ ርዕስ የለውጥ ጥያቄ ይላል፤ ቡናው ሳይወርድ ተጫንኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው ሒሳብ እንዲህ ነበር። ውላችን እንደሚለው ጉዞው ሊነሳ ከ60 እስከ 31 ቀን ሲቀረው የሚሰረዝ ሰው ከጉዞ ዋጋው 50 በመቶ ይቀጣል፤ ከ30 ቀን በታች 75 በመቶ፣ ከ14 ቀን ጀምሮ ደግሞ ሙሉውን ያጣል። እኛ የጠየቅነው 34 ቀን ሲቀር ነውና ከሁለታችን 2,100 ዶላር ላይ 1,050 ዶላር ተቆረጠ። ከዚያ ላይ ወኪል ቤቱ ለራሱ በሰው 100 ዶላር የስረዛ ክፍያ ወሰደ፤ ያ «መቶ ዶላር» የሚለው ቁጥር ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አልቀረም፣ የመጣው ግን በሌላ ስም ነው። ከ2,480 ዶላር ተመላሽ የሚሆነው 1,230 ብቻ ሆነ። አዲሱ ጉዞ ለሁለት ሰው 2,760 ዶላር ስለሆነ፣ ለመሄድ የሚጠበቅብን ጭማሪ 480 ሳይሆን 1,530 ዶላር ነበር። ተውነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውምና። አዲሱ ጉዞ ሊነሳ 48 ቀን ብቻ የቀረው በመሆኑ የራሱም የመጨረሻ ክፍያ ቀን አስቀድሞ አልፏል። ስለዚህ ሙሉ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ፈርመን በማግስቱ ሐሳባችንን ብንለውጥ እንኳ እንደገና 50 በመቶ እንቀጣ ነበር። በአየር መንገድ ትኬት የለመድነው፣ በአሜሪካ ጉዞው ሊነሳ ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ትኬት የገዛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚችልበት ደንብ የአየር መንገዶች ብቻ ነው፤ ለክሩዝ አይሠራም።

መቶ ዶላሩ የሚሠራው የመጨረሻው ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ብቻ ነው። ቀብዱ የማይመለስ ዓይነት በሆነ ውል ላይ ቀን ወይም መርከብ መቀየር የፈለገ ሰው ያን ጊዜ በሰው መቶ ዶላር ገደማ ከፍሎ ቀሪ ቀብዱን ወደ አዲሱ ጉዞ ያዛውራል። የእኛ ቀን ጉዞው ሊነሳ 90 ቀን ሲቀረው፣ ማለትም ሜይ 11 ነበር። በሌሎች ኩባንያዎች ለአጭር ጉዞ 75 ቀን ገደማ፣ ለረጅም ጉዞ ደግሞ 120 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ይሆናል። ወኪል ቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ቀን ከኩባንያው ቀን ቀደም ያደርጋሉ፤ የእኛው ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ሜይ 4 ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ቀኖች ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ከቅጣቱ ይልቅ ሌላ መንገድ እያለ አለመጠየቄ ነው። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ መጀመሪያ ከተመዘገቡት መንገደኞች አንዱ በውሉ ውስጥ እስከቀረ ድረስ፣ የመጨረሻው ክፍያ ካለፈም በኋላ የሌላውን ስም በሌላ ሰው መተካት ይፈቀዳል፤ ክፍያ ቢኖረው እንኳ ትንሽ ነው። የአክስታችን ልጅ በእህቴ ቦታ ይሄድና ድርሻዋን ይከፍላት ነበር። ሁለተኛው መንገድ እኔ ብቻዬን መሄድ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክፍሉ ዋጋ የሚሰላው ለሁለት ሰው ስለሆነ፣ አንዱ በይፋ ከተሰረዘ ቀሪው ሰው ክፍሉን ብቻውን በሚይዝ ሰው ዋጋ፣ አንዳንዴም የሁለት ሰው ሒሳብ፣ እንዲከፍል ይደረጋል፤ የተሰረዘው ሰው ደግሞ ቅጣቱን ይከፍላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ልምድ ያላቸው ተጓዦች የማይሄደውን ሰው ስም አያሰርዙም፤ በመነሻው ቀን ሳይገኝ ሲቀር ያልተጠቀመበት ግብርና የወደብ ክፍያ እንዲመለስለት ይጠይቃሉ። የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ ሁለቱንም ሒሳብ በጽሑፍ አስልተው እንዲልኩላችሁ ሳታደርጉ ምንም አትጫኑ።

ወኪሏን ትተን በቀጥታ ኩባንያው ጋ ደውለን ነበር። የስልክ አስተናጋጁ በትሕትና፣ በወኪል በኩል የተያዘ ውል ላይ እሱ እጁን ማስገባት እንደማይችል፣ ጥያቄው በወኪሉ በኩል መምጣት እንዳለበት ነገረን። በወኪል መግዛት ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቢሯቸው ከተዘጋ ሰኞ እስኪከፈት ቅጣቱ ወደሚቀጥለው እርከን ሊያልፍ እንደሚችል አስቡበት።

መድን ያድነናል ብላችሁም አትዘናጉ። እኛ የገዛነው መድን ሕመምን፣ ሞትንና ሌሎች በዝርዝር የተጻፉ ምክንያቶችን የሚሸፍን ሲሆን የዜግነት መሐላ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚሸፍን መድን አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀብድ በተከፈለ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መገዛት አለበት፣ የሚመልሰውም ሙሉውን ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። በኩባንያው በራሱ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ደግሞ የሚመልሱት በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለወደፊት ጉዞ ብቻ በሚያገለግል ቫውቸር ነው። ኩባንያው ራሱ ጉዞውን ከሰረዘ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየው ግን ነገሩ ይለያል፤ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ከአሜሪካ ወደቦች በሚነሱ ጉዞዎች ላይ ሙሉ ገንዘባችሁን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

በእኛ ሰዎች ላይ የሚደርስ ሌላም ችግር አለ፤ የስም ጉዳይ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲል አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይሞላል፤ ፓስፖርቱ ወይም ግሪን ካርዱ ላይ ያለው ግን ሌላ ይሆናል። ሚስትም በባሏ ስም ስለማትጠራ፣ ልጆችም የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ፣ አንድ ቤተሰብ ፎርሙ ላይ ሦስት የተለያየ ስም ያለው ሆኖ ይታያል። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ የእናቱን የልደት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ እናቱን በስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል። የፊደል ስህተት ማረም በአብዛኛው በነፃ ይሠራል፤ ጠቅላላ ስሙ ከተለወጠ ግን አንዳንዱ ሠራተኛ እንደ አዲስ መንገደኛ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቀብድ የከፈላችሁ ዕለት ደረሰኙን ከፓስፖርታችሁ ጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩት።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙም የቪዛ ጉዳይ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት መጨረስ አለበት። ለምሳሌ ከባርሴሎና ተነስቶ ቱርክ ወይም ቱኒዝያ ነክቶ ወደ አውሮፓ የሚመለስ መርከብ ላይ ለመሳፈር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ አይበቃም፤ ቱርክና ቱኒዝያ ከሼንገን ክልል ውጪ ስለሆኑ መመለሻው እንደ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጠራል። ቪዛ ስለጎደለው ወደብ ላይ የተመለሰ ሰው ደግሞ በውሉ መሠረት ራሱ እንደቀረ ነው የሚቆጠረው።

እኛ ከሰረዝን በኋላ በዚያው ሳምንት የኦገስት 9 ጉዞ ዋጋው ቀንሶ ድረ ገጹ ላይ ወጥቶ አየሁት። ጉዟቸውን ያልሰረዙና ሙሉውን የከፈሉ ሰዎችም ልዩነቱ አይመለስላቸውም፤ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ዋጋ ቢወርድ ኩባንያዎቹ ቢበዛ መርከብ ላይ የሚወጣ ትንሽ ገንዘብ ወይም የተሻለ ክፍል ሊሰጡ ይችላሉ፣ ግዴታ ግን የለባቸውም። 1,230 ዶላሩ ካርዴ ላይ የተመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለወኪል ቤቱ ያቀረብኩት ቅሬታ የተመለሰልኝ በአንድ መስመር ነበር፦ «ጁላይ 6 ከቀኑ 4፡12 ላይ እስማማለሁ የሚለውን ተጭነዋል።» ከኢሜይሉ ግርጌ ያያያዙት ያንኑ ሊንክ ነው፤ ከርዕሱ በታች ባለው ሦስተኛ መስመር ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የአሁኑ ውል እንደሚሰረዝ ተጽፎበታል።