ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ሳይት የቱ ሲኤምኤስ ይሻላል? ዎርድፕረስ፣ ድሩፓል፣ ሁጎ ወይስ ዶኩሶረስ

የፕሮጀክታችሁን ሳይት ልትሰሩ ከሆነ የሲኤምኤሶችን (የሳይት ይዘት መጻፊያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የፊቸር ዝርዝር ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ፦ ሳይቱ ላይ በየጊዜው የሚጽፈው ማነው፣ ደሞ ሳይቱን የሰራው ሰው ስራ በዝቶበት ወይ ሰልችቶት ሲሄድ ማን ነው የሚረከበው። ድርጅት ውስጥ ቢሆን ደሞዝ እየተከፈለው ሰርቨር የሚያይ ሰው አለ፣ እኛ ጋ ግን ሁሉም በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚሰራው፣ ስለዚ ሲኤምኤሱ ዛሬ ምን ያህል ያምራል ከሚለው ይልቅ ለስድስት ወር ማንም ባይነካው ምን ይሆናል የሚለው ይበልጣል።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። የማግዘው አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ነበር፣ ሳይቱ ዳታቤዝ ባለው ሲኤምኤስ የተሰራ፣ የሰራው ልጅ ከሄደ አመት አልፎታል። አዲስ ቨርዥን በምንለቅበት ቀን ጠዋት ሆስቲንጉ ላይ ፒኤችፒው (ሲኤምኤሱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) አፕግሬድ ተደርጎ ሳይቱ ነጭ ገጽ ብቻ ሆኖ ጠበቀን። አንድ የቆየ ፕለጊን (ሲኤምኤሱ ላይ የሚጨመር ቅጥያ) ከአዲሱ ፒኤችፒ ጋር አልሄድ ብሎ ነው፣ ግን ይሄን ያወቅነው ማታ ነው፣ ምክንያቱም የአድሚን ፓስወርዱ ያለው ልጁ ጋ ብቻ ነበር፣ እሱን እስክናገኘው ቀኑ አለቀ። ወራት የለፋንበት ሪሊዝ ኮዱ ምንም ሳይሆን ሰው ዳውንሎድ ሊያደርግ እየመጣ ነጭ ገጽ አይቶ ተመለሰ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

በሉ ወደ ንጽጽሩ።

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ጂፒኤል ላይሰንስ (ኮዱን በነጻ መጠቀምና ማሻሻል የሚፈቅድ) ያለው፣ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚሰራ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ኮድ የማይነካ ሰው ሎግኢን አድርጎ ወዲያው መጻፍ መቻሉ ነው፣ ዜና የሚጽፍ፣ የስብሰባ ፎቶ የሚጭን፣ ስፖንሰሮችን የሚያመሰግን ሰው ካላችሁ እሱን ጊት (የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ መሳሪያ) ተማር ማለት ከባድ ነው፣ ብዙውም ትቶት ይሄዳል። ችግሩ ፕለጊን ነው። ማውጫው ላይ ከ50 ሺ በላይ ፕለጊን አለ፣ አንዱን ለፎርም አንዱን ለፍለጋ አንዱን ለቋንቋ እያላችሁ ስትጭኑ ሳታውቁት 15 ይደርሳል፣ እያንዳንዱ ደሞ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ኮድ ነው፣ ያ ሰው ሲተወው ቀዳዳው እናንተ ሳይት ላይ ይቀራል። ዎርድፕረስ ላይ የሚገኙት የሴኪዩሪቲ ቀዳዳዎች አብዛኞቹ ከዋናው ኮድ ሳይሆን ከፕለጊን የሚመጡ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ ፕለጊኖችን በራሳቸው አፕዴት እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል፣ አብሩት፣ ከአምስት ፕለጊን በላይም አትጫኑ። ብዙ ቋንቋ ከፈለጋችሁ ደሞ ያለ ፕለጊን አይሆንም፣ ዋናው ውስጥ የለም።

ድሩፓል እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ከ8ኛው ቨርዥን ጀምሮ የትርጉም ስራው ዋናው ውስጥ ገብቷል፣ የተለያየ አይነት ይዘት ማለትም ሞጁል፣ ክስተት፣ የአባላት ገጽ ምናምን እያላችሁ ለየብቻ ፊልድ ሰጥታችሁ ማገናኘት ትችላላችሁ፣ ማን ምን ማየትና ማረም እንደሚችልም በደንብ ይከፋፈላል። ግን ክብደት አለው፣ በጣም። ድሩፓል 7 በ2011 ወጥቶ ድጋፉ ጃንዋሪ 2025 ላይ ነው ያበቃው፣ ከ7 ወደ 8 መሻገር ደሞ አፕዴት ማድረግ ሳይሆን ሳይቱን እንደገና መስራት ማለት ነበር፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው እዛው 7 ላይ የቀረው። ሌላም አለ፦ ኦክቶበር 2014 ላይ ከባድ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ቀዳዳ (ዳታቤዙን በተንኮል ትእዛዝ ለማዘዝ የሚያስችል) ተገኝቶ የድሩፓል ሴኪዩሪቲ ቲም ራሱ ማስታወቂያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጠገናችሁ ሳይታችሁ እንደተጠለፈ ቁጠሩት አለ። 7 ሰዓት! በትርፍ ሰዓቱ የሚሰራ ሰው እኮ በዛ መሀል ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሴኪዩሪቲ ቲሙ እውነቱን በግልጽ መናገሩን አከብራለሁ፣ ግን ለሊትም ተነስቶ ፓች (የቀዳዳ ጥገና) የሚያደርግ ሰው ከሌላችሁ ድሩፓልን አልመክርም። ድሩፓልን እለት እለት የሚሰራበት ሰው ቲማችሁ ውስጥ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጁምላ የሚባለው ሌላ ሲኤምኤስ በሁለቱ መሀል ነው፣ ብዙ ቋንቋ ዋናው ውስጥ አለው፣ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ካላችሁ ይሰራል፣ ከዜሮ ለሚጀምር ግን አልመርጠውም።

አሁን እኔ ወደማደላበት። ሁጎና ጄኪል ስታቲክ ሳይት ጄኔሬተር ናቸው፣ ማለትም ጽሁፉን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ተራ ጽሁፍ) ፋይል ትጽፋላችሁ፣ እሱ ወደ ኤችቲኤምኤል ቀይሮ ያወጣዋል፣ ሰርቨሩ ላይ ዳታቤዝም ሎግኢንም ፒኤችፒም የለም፣ የሚጠለፍ ዳሽቦርድ ስለሌለ ለሊት የሚያስነሳ ፓች የለም ማለት ይቻላል። ጽሁፉ ያው ሪፖ (የፕሮጀክቱ ኮድ ማስቀመጫ) ውስጥ ስለሚቀመጥ የፊደል ስህተት ያየ ማንም ሰው ፑል ሪኩዌስት (ይሄን ለውጥ ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) ይልካል፣ ኮድ በምታዩበት መንገድ አይታችሁ መርጅ ታደርጋላችሁ (ታዋህዳላችሁ)፣ ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ኮንትሪቢዩሽኑ የሚሆነው ይሄ ነው፣ እኔ ስታቲክን የምወድበት ትልቁ ምክንያትም እሱ ነው። የኩበርኔቲስ (ትልቅ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት) ሳይት በዛ ሁሉ ቋንቋ በሁጎ ነው የሚሰራው፣ ስለዚ ለትንሽ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ከሁለቱ የቱ? ጄኪል በ2008 የመጣ በሩቢ ቋንቋ የተሰራ ነው፣ ጊትሃብ ፔጅስ (የጊትሃብ የሳይት ሆስቲንግ) ራሱ ስለሚያውቀው ፋይሉን ፑሽ ስታደርጉ ሳይቱ ይወጣል፣ ግን በዛ መንገድ የሚፈቀዱት የተወሰኑ ፕለጊኖች ብቻ ናቸው፣ ሌላ ከፈለጋችሁ በጊትሃብ አክሽንስ (ስራን በራሱ የሚያስኬድ የጊትሃብ አገልግሎት) ራሳችሁ ቢልድ ማድረግ (ሳይቱን ከፋይሎቹ ማውጣት) አለባችሁ። ሁጎ ጎ (Go) በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሰራ አንድ ፋይል ነው፣ ዳውንሎድ አድርጋችሁ ታስነሱታላችሁ፣ ሌላ የሚጫን ጣጣ ብዙም የለውም፣ ፍጥነቱ ደሞ ሺ ገጽ ቢኖራችሁም አያስጠብቅም። እኔ ሁጎን እመርጣለሁ፣ ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ የምትጠቀሙበትን የሁጎ ቨርዥን ቁጥር ቢልድ ፋይሉ ውስጥ ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉት፣ አዲስ ሁጎ ሲመጣ የቆየ ቴምፕሌት ሊሰብር ይችላል።

እንከን የለውም አልልም። ማርክዳውን ፋይሉ አናት ላይ ርዕስና ቀን የሚጻፍበት ክፍል አለ፣ አንድ ሰው ርዕሱ መሀል ላይ ኮለን አስገብቶ ቀጥሎ ስፔስ አድርጎ ሙሉ ርዕሱን በጥቅስ ምልክት ካልከበበው ቢልዱ ይወድቃል፣ የሚመጣው ኤረር ደሞ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። ደግነቱ ቢልዱ ቢወድቅም የቀድሞው ሳይት እንዳለ ይቆያል፣ ጎብኚው ምንም አያይም። ያን ነጭ ገጽ ላየ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጊት የማይችል ጸሀፊ ካላችሁስ? ዲካፕ ሲኤምኤስ የሚባል አለ፣ ብሮውዘር ላይ ፎርም ይከፍታል፣ ሰውየው ጽፎ ሴቭ ሲል እሱ ከጀርባ ሪፖው ላይ ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ይመዘግባል)፣ ከፈለጋችሁም መጀመሪያ ፑል ሪኩዌስት ሆኖ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። ሎግኢኑ ግን እንደ ሆስቲንጋችሁ ትንሽ የኦውዝ (በሌላ ሳይት አካውንት መግቢያ) ሰርቨር ሊጠይቅ ይችላል፣ እሱ ላይ ግማሽ ቀን ሊያልፍባችሁ ይችላል፣ ጸሀፊውም በጊትሃብ የሚገባ ከሆነ የጊትሃብ አካውንት ያስፈልገዋል።

ሳይታችሁ በዋናነት ዶክዩመንቴሽን ከሆነ ዶኩሶረስን እዩ። ከፌስቡክ የወጣ፣ በሪአክት (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የተሰራ ነው፣ የፕሮጀክታችሁ ቨርዥን 1፣ 2 እና 3 የየራሳቸው ዶክ እንዲኖራቸው ራሱ ያደርግላችኋል፣ ይሄን በዎርድፕረስ ላይ ለማድረግ መሞከር ልፋት ብቻ ነው። የሚጎትታቸው የኖድ ፓኬጆች (የጃቫስክሪፕት ኮድ ጥቅሎች) ብዛት ግን ያስፈራኛል፣ አመት ቆይታችሁ ስትከፍቱት ግማሹ አፕዴት ይጠይቃል። ቲማችሁ ፓይተን ሰፈር ከሆነ ኤምኬዶክስ ይቀላል፣ አንድ ኮንፊግ ፋይልና የማርክዳውን ፎልደር ብቻ ነው፣ ለትንሽ ላይብረሪ ይበቃል።

በስታቲክ ላይ የማታገኙትም አለ፦ ፎርም፣ አስተያየት መስጫና የአባላት መግቢያ በራሱ የለውም፣ ከውጭ አምጥታችሁ መቀጠል ነው። ፍለጋ ለምሳሌ በፔጅፋይንድ ይፈታል፣ እዛው ቢልድ ላይ ኢንዴክስ ሰርቶ ብሮውዘር ውስጥ ይፈልጋል። ሆስቲንጉን በተመለከተ ጊትሃብ ፔጅስ ለፐብሊክ ሪፖ ነጻ ነው፣ ሳይቱ ግን ከ1 ጊጋባይት መብለጥ የለበትም፣ ስለዚ የሪሊዝ ዚፕ ፋይሎቻችሁን እዛ አትጫኑ፣ የጊትሃብ ሪሊዝ ገጽ ላይ አድርጓቸው።

ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዛወሩ ከሆነ የድሮ ሊንኮችን ዝርዝር መጀመሪያ አውጡ፣ ሰው በየቦታው ያስቀመጠው ሊንክ ሁሉ ወደ አዲሱ ገጽ ሪዳይሬክት መሆን አለበት፣ ሁጎ ላይ እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የድሮውን አድራሻ ኤሊያስ (aliases) ብሎ መጻፍ ይበቃል። የቱንም ብትመርጡ ደሞ የዶሜይኑም የሆስቲንጉም ፓስወርድ ቢያንስ ሁለት ሰው ጋ ይሁን፣ የዶሜይን ማደሻ ማስታወሻውም በአንድ ሰው የግል ኢሜል ሳይሆን ቲሙ በሚያየው ኢሜል ይምጣ።