ስምንት እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ ባይኖኩላር፦ ዘጠኝ ወር ሐዋሳ ላይ

«ስንት ያቀርባል?»

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወፍ ለማየት ባይኖኩላር አንግቶ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንን ነው። «ስምንት» ስል የብዙዎቹ ፊት ይቀዘቅዛል። ገበያው ላይ «100 እጥፍ» ተብሎ የተጻፈበት ሞልቶ ስምንት ምን ዋጋ አለው? እኔም እስከ ሰኔ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ዕቃው 8×42 ነው። ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ በ95 ዶላር ገዝቶ አመጣልኝ። ባይኖኩላር አየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድሞ ጠይቆ ነው የያዘው፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስም ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። በዚህ ዋጋ ያለው ባይኖኩላር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ በየሻጩ የተለያየ ስም የሚወጣለት ነው። ቁጥሩ ግን ይጠቅማችኋል። 8 የሚያቀርበው ነው፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ ገና ሳይመለሱ፣ ቄጠማው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ጥቁር ነገር ወፍ ይሁን እንጨት የምለየው በዚህ ቁጥር ነው። የጓደኛዬ 10×25 ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ይቀለኛልም። 25 ለ10 ሲካፈል ግን 2.5 ብቻ ነውና፣ በዚያ ሰዓት የሚያሳየኝ ጭጋግ ነው። በዚያ ላይ ከ10 በላይ የሚያቀርብ ዕቃ በእጅ ሲያዝ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቡና ጠጥቶ ለሚወጣ እንደኔ ዓይነቱ ሰው ስምንትም ይበቃዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባየሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል፣ ወፏም ጥርት አትልልኝም። ጥፋቱ የኔ ነበር። በቀኝ ዓይን በኩል ዳያፕተር የምትባል ቀለበት አለች፤ የሁለቱን ዓይኖቻችንን ልዩነት የምታስተካክለው እሷ ናት። የቀኙን ሌንስ በእጃችሁ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ የሆነ ጽሑፍ ተመልከቱና በመሃለኛው መዘውር አጥሩት። ከዚያ ግራውን ሸፍኑና መዘውሩን ሳትነኩ ቀለበቷን ብቻ አዙሩ። አለቀ። ችግሩ የሚያየው ሁሉ አንዴ ስጠኝ ይላል፣ የተቀበለው ሁሉ ደግሞ ያገኘውን ነገር ያዞራል። በመጨረሻ የእህቴን ጥፍር ቀለም ለምኜ ልኩ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግሁበት። ሳጥኑ ውስጥ ከመጣው ነገር ሁሉ ይልቅ ያቺ ነጥብ ጠቅማኛለች።

ታዲያ በስምንት እጥፍ ምን ይታያል? አባ ኮዳን እንውሰድ። ዓሣ ገበያው ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ሲበለት ከሰው እኩል ቆሞ የሚጠብቅ ወፍ ስለሆነ ባይኖኩላር አያስፈልገውም ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ነጭ ነው ያልነው እግሩ ግን ነጭ አይደለም። ቆዳው ጥቁር ነው፣ የነጣው የራሱ ኩስ ደርቆበት ነው። ሙቀት ሲበዛበት ሆን ብሎ እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ እርጥበቱ ሲደርቅ ያበርደዋል። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ኮዳም የዓሣ ማስቀመጫ አይደለም፤ አየር ብቻ ነው ያለበት። ሐዋሳ አድጌ ይህንን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

ከገበያው ራቅ ብሎ ሰፋፊ ቅጠል ውኃው ላይ የተነጠፈበት ቦታ አለ። ዕቃው ዋጋውን የመለሰልኝ እዚያ ነው። ጃካና የምትባለው ወፍ በረጃጅም ጣቶቿ ቅጠል ለቅጠል እየረገጠች ሳትሰጥም ታልፋለች። ከቅጠሎቹ መሃል ደግሞ አንዳንዴ የአፍሪካ ድንክ ዝይ ብቅ ትላለች። ዝይ ትባል እንጂ ዳክዬ ናት፣ 300 ግራም አትሞላም። በባዶ ዓይን የአበባ እምቡጥ መስላኝ ብዙ ጊዜ አልፌያታለሁ። በባይኖኩላር ግን የወንዱ ጆሮ ግንድ ላይ ያለው አረንጓዴ ይለያል። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች ሲጨመሩ ነገሩ ይከብዳል፤ ሴቶቹ ሁሉ ቡናማ ናቸው። እኔ ምንቃር ማየት ጀመርኩ። እንደ አካፋ የሰፋ ምንቃር ያላት አንዷ ዓይነት ብቻ ናት፣ እሷን ከለያችሁ ሌሎቹን ቀስ እያላችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ።

ፎቶን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ካሜራ የለኝም። ስልኬን ባይኖኩላሩ የዓይን ቀዳዳ ላይ ገጥሜ ነው የማነሳው። የስልኬ ዋና ሌንስ በካሜራ መለኪያ ከ26 ሚሊሜትር ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ (ቁጥሩ ሲጨምር ይበልጥ ያቀርባል) በ8 ሲባዛ 208 ይሆናል፤ ለወፍ ትንሽ ናት፣ ግን ከዜሮ ትሻላለች። ዙሪያውን ጥቁር ክብ ይሠራል፣ ስልኩን ሁለት እጥፍ ዙም ሳደርገው ይጠፋል። ጣት ሲነካው ስለሚነቃነቅ የሦስት ሰከንድ ታይመር እጠቀማለሁ፣ አለዚያም ቪዲዮ ቀድቼ ጥሩውን ምስል እመርጣለሁ። በዚህ መንገድ አባ ኮዳ፣ ሽመላ፣ ፔሊካን፣ ዛፍ ላይ ያረፈ ዓሣ በል ንስር፣ በአጠቃላይ መቆም የሚወድ ሁሉ ይነሳል። የሚበር ወፍ ግን እርሱት። ከዘጠኝ ወር ውስጥ አንድም የሚበር ዳክዬ የለኝም፤ ያለኝ የባዶ ሰማይ ስብስብ ነው።

እጅ ስለሚደክም ማስደገፊያ ያስፈልጋል። ከአሮጌ ሱሪ ከረጢት ሰፍቼ አንድ ኪሎ ሽንብራ ሞላሁበት፤ የድንጋይ አጥር ላይ ሲያስቀምጡት የባይኖኩላሩን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል። ግሩም ነበር፣ ለአራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ሌንሱ ላይ ተክዬ ሳለሁ አንዲት ጦጣ ከጎኔ ከረጢቱን ጎትታ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ሽንብራውም እላዬ ላይ ዘነበ። ጉሬዛዎቹ እንኳ ከላይ ሆነው የታዘቡኝ መሰለኝ። አሁን የምሞላው አሸዋ ነው።

አቅሙ ያለቀብኝ አብያታ ላይ ነው። ኅዳር ውስጥ ከሻሸመኔ አልፈን አብያታ ሻላ ፓርክ ገባን። የአብያታ ውኃ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ስለሸሸ፣ ፍላሚንጎዎቹ ያሉበት ቦታ ከድሮው ዳርቻ እጅግ ይርቃል፣ መሃሉም የሚያሰምጥ ጭቃ ነው። በስምንት እጥፍ ያየሁት ሮዝ መስመር ብቻ ነው። ለዚያ ዓይነት ቦታ በባለሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ነው የሚያስፈልገው፤ በዋጋውም በሸክሙም ሌላ ዓለም ነው።

የዕቃው ይዞታ? የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሦስቴ በደንብ መታው፣ ውስጡ እንፋሎት አልያዘም። ውኃ አያስገባም የሚለው እውነት ነው። የቀኝ ዓይን ላስቲክ ግን ወደ ላይ ሲሳብ አይቆምም፣ ራሱ ይወርዳል። እኔ የዓይን መነጽር ስለማደርግ ሁልጊዜም ዝቅ አድርጌ ነው የማየው፤ መነጽር የሌለውን ግን ያናድደዋል። የምስሉ ጠርዝ ደብዘዝ ይላል፣ ብሩህ ሰማይ ላይ ያለ ጥቁር ወፍም ዙሪያው ሐምራዊ ክር ይታይበታል። ማንገቻው ቀጭን ነው፣ አንገት ይቆርጣል፤ በቦርሳ ማንገቻ ቀየርኩት።

ከተማ ውስጥ ስታወጡት የምታዞሩበትን አቅጣጫ አስተውሉ። አንድ ቀን ጭላት ስከተል ሳላውቅ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ላይ አነጣጥሬ ኖሯል። ጥበቃው መጣ።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ወፍ።»

«ወፍ?»

አንገቴ ላይ ያለውን አውልቄ ሰጠሁት። ጣሪያው ላይ የተቀመጠችውን ጭላት ዝም ብሎ ብዙ አያት። ሲመልስልኝ ያለው፦ «ወንድሜ፣ ስንት ያቀርባል?»

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዕቃውን ስወለውል፣ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ፊት ለፊት ያለችው፣ የሻጩ ስም የተጻፈባት ክብ ክዳን ተንቀሳቀሰችብኝ። ተሰበረ ብዬ ደነገጥኩ። ስታዞሩዋት የምትከፈት ናት ለካ፤ ከሥሯ የትራይፖድ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ስምንት ወር ሙሉ ሽንብራና አሸዋ ተሸክሜ ስዞር እዚያው ነበረች።