በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ለ14 ወራት የተጠቀምንበት የቤት አላርም

የቤት አላርም በገዛ በሳምንቱ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው ካርቶኑን ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ዕቃው ቤታችን ከገባ 14 ወር ከሞላው፣ አንድ ጊዜ ፖሊስ በከንቱ ከመጣብን፣ አንድ ጊዜም በቡና ጭስ ምክንያት መላው ኮሪደር በር ከፍቶ ከተመለከተን በኋላ ነው። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ሲሆን፣ ዕቃው ያለ ባለሙያ በራስ እጅ የሚገጠም ሽቦ አልባ አላርም ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምናገረው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ዕቃ ሁሉ ላይ የሚታይ ነገርና ከእኛ አኗኗር ጋር ያለው መጣጣም ነው።

ኮተቤ ሳለን ጥበቃ ማለት የድንጋይ አጥር፣ የብረት በር፣ ማታ ማታ ሲያስል የሚሰማ ዘበኛና የጎረቤት ውሻ ነበር። እዚህ ስንመጣ ከሕዝብ ኮሪደር እስከ ልጆቹ አልጋ ድረስ ያለው አንድ በር ብቻ መሆኑ ባለቤቴን ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሥቷታል። እኔ የምሠራው ሌሊት ነው፤ በሥራ ቦታዬም ስልክ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ እስከ ንጋት ድረስ ማንም ሊያገኘኝ አይችልም። በአንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው የበራችንን እጀታ ደጋግሞ ሲያዞር ቆየ። በኋላ እንደታወቀው ፎቅ የተሳሳተ፣ ሞቅ ያለው ጎረቤት ኖሯል፤ ቢሆንም አላርሙን በማግሥቱ አዘዝን።

ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ዋናው ማሽን፣ ኪፓድ (ቁጥር የሚጫንበት ሰሌዳ)፣ የበርና የመስኮት መከፈትን የሚለዩ ሦስት ሴንሰሮች፣ እንቅስቃሴ የሚለይ አንድ ሞሽን ሴንሰር፣ አንድ የጭስ ማንቂያና አንድ ትንሽ ካሜራ ናቸው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ 289 ዶላር ከፈልን፤ አላርሙ ሲጮህ ከሩቅ የሚያነጋግረንና ፖሊስ የሚጠራው የድርጅቱ ማዕከል ቀንና ሌሊት እንዲከታተለን ደግሞ በወር 22 ዶላር እንከፍላለን። ገጠማው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሊዛችን፣ ማለትም የኪራይ ውላችን፣ ግድግዳ መብሳት ስለሚከለክል ሁሉንም በማጣበቂያ ለጠፍነው። እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ፤ የመመሪያው ወረቀት የብረቱን የበር ክፈፍ በአልኮል ጥረጉ ብሎ በትንሽ ፊደል የጻፈውን እኛ ዘለልነው፤ ሐምሌ ላይ ሙቀቱና እርጥበቱ ሲበረታ የዋናው በር ሴንሰር ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘነው። አጽድተን መልሰን ከለጠፍነው ወዲህ አልወደቀም። የበረንዳው ተንሸራታች በር ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራል፤ በሩ በነፋስ ትንሽ ሲላላ ማግኔቱ ከሴንሰሩ ይርቅና ማሽኑ በሩ ተከፍቷል ብሎ ስለሚያምን፣ ማታ አላርሙን ለማብራት ሁለት ሦስት ጊዜ መግፋት ይኖርብናል።

ዕቃው የተሠራው አንድ ዓይነት ሰዓት ላላቸው፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ለሚናገሩ ሰዎች መሆኑን በደንብ የተረዳነው አማቴ ለስድስት ወር ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ነው። አንድ እሑድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኪዳን ለማድረስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማንንም ላለመቀስቀስ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩን ከፈተች። ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ኪፓዱ ጢጥ ጢጥ አለ፤ እርሷ የሰዓት ድምፅ መስሏት ጫማዋን ማድረግ ቀጠለች። ከዚያ ጩኸቱ ሲነሣ ልጆቹ አብረው ጮኹ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ደግሞ መደርደሪያው ላይ ካለው ማሽን የሰው ድምፅ ወጣና በእንግሊዝኛ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀ። አማቴ ወደ መደርደሪያው ዞር ብላ፣ «አንተ ማነህ? ከየት ሆነህ ነው የምትናገረው?» አለችው። ሰውየው ጥያቄውን ሲደግምላት፣ የጠየቃት ደኅንነቷን መስሏት «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰች።

ባለቤቴ ነቅታ እስክትደርስ ሌላ ችግር ተጨመረ። የይለፍ ቃላችንን ለመርሳት የማይመች የአማርኛ ቃል እናድርገው ብለን «ድፎ» ብለነው ነበር። ሠራተኛው ፊት ለፊቱ የሚያየው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስለነበር በራሱ መንገድ «ዳይፎ» ብሎ ያነበዋል፤ ባለቤቴ ስትነግረው የሰማው ከሚያየው ጋር አልገጠመለትም። ፊደል በፊደል እንድትነግረው ሲጠይቃት እርሷ በድንጋጤ ፊደሎቹን አቀያየረቻቸው። የእኔን ስልክ ሞከሩ፤ እርሱ ሎከር ውስጥ ነው። ፖሊስ በ11 ደቂቃ ውስጥ በር አንኳኳ፤ ሁለቱም ፖሊሶች ጨዋዎች ነበሩ፤ አማቴም ቡና ላፍላላችሁ ብላ ለምና እምቢ ብለዋት ሄዱ። ስለዚህ የይለፍ ቃል ሲመርጡ የአማርኛ ቃል አይምረጡ፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት የሚነገር፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ በተለይ ከአያቶች አፍ የማይጠፋ ቃል ይሻላል። እኛ አሁን «ቶማስ» ነው የምንለው ብዬ ብጽፍ መልሼ መቀየር ስለሚኖርብኝ፣ የመረጥነውን እንደ ምሳሌ እንኳ አልጠቅሰውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያወቅነውን ሻጩ አስቀድሞ ቢነግረን ጥሩ ነበር። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ የሚጠራ አላርም ያለው ሰው አላርሙን ካውንቲው ዘንድ ማስመዝገብ ይገባዋል፤ ፖሊስ በከንቱ በተደጋጋሚ ሲጠራም ባለቤቱ ይከፍላል። ካውንቲው ለዚህ ብቻ የቆመ የሥራ ክፍል አለው። አላርሙን የሸጠልን ድርጅት በድረ ገጹ ላይ ይህን የጻፈው ማንም በማይደርስበት ጥግ ነው፤ እኛም የተመዘገብነው ደብዳቤ ከደረሰን በኋላ ነው። በሌላ ካውንቲ ወይም በዲሲ የሚኖር ሰው የራሱን ቦታ ደንብ ከግዢው በፊት ማየት ይኖርበታል።

የቋንቋው ጉዳይ ለእኔ ከዋጋው ይበልጣል። ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ሲደወል «አማሪክ» ብሎ መናገር በቂ ነው፤ አስተርጓሚ በስልክ ይገናኛል። የካውንቲው 311 መስመርም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጥገና ቅሬታ ሲደወል በአማርኛ ያስተናግዳል። በወር 22 ዶላር የምንከፍለው ማዕከል ግን አማርኛ የለውም፤ ሲጠየቁም የሰጡን መልስ ስፓኒሽ እንዳላቸው ነው። መንግሥት በነፃ የሚያደርገውን የግል ድርጅት በገንዘብ ሳያደርገው ሲቀር ነጥብ መቀነሴ አግባብ ይመስለኛል።

ካሜራውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ የሌሊቱም አይከፋም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ድምፁ ላይ ነው። በሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግርን ለመቅዳት የተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ደግሞ ከካርቶኑ ሲወጣ ድምፅ እንዲቀዳ ሆኖ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ቆመው ስለ ኪራይ ሲነጋገሩ የተናገሩት ሁሉ ስልኬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ደነገጥኩ። ድምፁን አጠፋሁት፤ ኮሪደሩን ማየቱንም ሕንፃውን የሚያከራየው የሊዚንግ ቢሮ ስላልወደደው ካሜራውን ወደ ውስጥ፣ በሩን እንዲያይ አዞርኩት። በር ላይ የሚንጠለጠለውን ካሜራ መግዛት የሚያስብ ተከራይ አስቀድሞ ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ወደ ጭስ ማንቂያው ልምጣ፤ ለገንዘባችን ዋጋ የሰጠን ትልቁ ነገር እርሱ ነው፤ ያዋረደንም እርሱ ነው። መጀመሪያ የለጠፍነው ከምድጃው ሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር። ቡናው ምጣድ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ባለቤቴ እንደ ልማዳችን ጭሱን ለእንግዶቹ እያዞረች ሳለ የእኛው ጮኸ፤ የሕንፃው ተከተለ። ማዕከሉ ከመደወሉ በፊት የኪፓዱን ቁጥር በመጫናችን ብቻ የእሳት አደጋ መኪና ሳይመጣ ቀረ። መመሪያው የጭስ ማንቂያ ከማብሰያ ቢያንስ ሦስት ሜትር እንዲርቅ ይላል፤ ከወጥ ቤት ጎን ላለ ቦታ ደግሞ ጭስን በብርሃን የሚለየው ዓይነት በማብሰያ ጭስ ቶሎ የማይደነግጥ ነው። ወደ መኝታ ክፍሎቹ መተላለፊያ ካዛወርነው ወዲህ በቡና ቀን ጮኾ አያውቅም፤ የእጣን ጭስ እንኳ ካልበዛ ይታገሳል።

ይህን የማነሣው በብዙ ሀበሻ ቤት የሕንፃው የጭስ ማንቂያ በፌስታል ታስሮ ስላየሁ ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2023 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል በአንድ ረጅም አፓርትመንት በተነሣ እሳት አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ሞታለች፤ መኖሪያ ክፍሎቹ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበራቸውም። በሜሪላንድ ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ በባትሪ ብቻ የሚሠራ የጭስ ማንቂያ 10 ዓመት የሚቆይ የታሸገ ባትሪና ጩኸቱን ለጊዜው የሚያስቆም ቁልፍ ያለው እንዲሆን ተደንግጓል። ፌስታል ከማሰር ያንን ቁልፍ መጫን ይቀላል፤ ማንቂያው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ለአከራዩ ማመልከት ነው። በዚያው ላይ የጭስ ማንቂያ ጋዝን እንደማይለይ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦገስት 2016 (እ.ኤ.አ.) ሎንግ ብራንች በሚባለው ሰፈር በአንድ አፓርትመንት በደረሰ የጋዝ ፍንዳታ 7 ሰዎች አልቀዋል፤ መርማሪዎቹ እንዳገኙት ጋዙን ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረበት ቱቦ ከመሣሪያው ጋር አልተያያዘም ነበር። የጋዝ ሽታ ሲመጣ የትኛውንም አላርም ሳይጠብቁ፣ መብራት ሳይነኩ ወጥቶ ከውጭ ሆኖ መደወል ነው። ድርጅቱ ካርቶኑ ላይ «ሙሉ የቤት ጥበቃ» ብሎ መጻፉን የማልወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የክፍያው ሁኔታ ግልጽ ነው፤ ከወር ወደ ወር የሚሄድና በፈለጉ ጊዜ የሚቋረጥ ነው፤ አንድ ወር አቋርጠን ስንመለስ ቅጣት አልጠየቁንም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው፣ በመጣ በሁለተኛው ወሩ፣ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ዕቃው በነፃ ነው» ላለው ሻጭ በታብሌት ላይ ፈረመ፤ የፈረመው የ36 ወር ውል መሆኑን ያወቀው ሥራ ቀይሮ ወደ ቨርጂኒያ ሊዛወር ሲነሣ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ የተሸጠ፣ ዋጋው 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር በፌዴራል ደንብ መሠረት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ እርሱ ይህን የሰማው ሦስቱ ቀናት ካለፉ ከዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ልግዛው ለሚለኝ ሰው የምመልሰው እንደ ሰዓቱ ነው። ሌሊት ለሚሠራ፣ ስልኩን ለማይዝ፣ ቤቱ ውስጥ ልጆች ትቶ ለሚሄድ ሰው 22 ዶላሩ ይገባዋል፤ እኔም እስከ አሁን እከፍላለሁ። ማታ ማታ ቤቱ ለሚገኝና ስልኩ ከእጁ ለማይለይ ሰው ግን ወርኃዊውን ትቶ ሴንሰሮቹን ብቻ ቢጠቀም፣ የተረፈውን ለተከራይ ኢንሹራንስ ቢያውለው ይሻለዋል፤ የእኛ በወር 14 ዶላር ነው፤ አላርሙ በመኖሩ ትንሽ ቅናሽ ተደርጎልናል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሊዝ በተፈረመበት ቀን የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ መቀየሩን ቢሮውን መጠየቅ ነው። እኛ ይህን የጠየቅነው በስድስተኛው ወር ነው፤ አልተቀየረም ነበር፤ ሠራተኛው በ15 ደቂቃ ቀይሮልን ሄደ፤ ምንም አልከፈልንም።

ሊዛችን በመስከረም ያበቃል፤ ዕቃውንም ነቅለን ወደሚቀጥለው ቤት እንወስደዋለን። ለሙከራ አንዱን የመስኮት ሴንሰር ሳነሣው ማጣበቂያው የአንድ ሳንቲም ስፋት ያለው ቀለም ይዞ ወጣ። በሜሪላንድ አከራይ ተከራዩ ካስያዘው ዲፖዚት ላይ የሚቀንስ ከሆነ ተከራዩ በወጣ በ45 ቀናት ውስጥ ምን እንደቀነሰ ዘርዝሮ ማሳወቅ አለበት፤ እኔ ግን ያን ዝርዝር ከመጠበቅ የቀሩትን ሴንሰሮች በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ፣ በጥርስ ክር ከሥር እየቆረጥሁ ማንሣት መርጫለሁ። ሁለተኛው ሳይላጥ ወጥቷል።