የጀማሪ የዛፍ መውጫ ጥቅል፦ ምኑ ይጠቅማል፣ ምኑ ይጎድለዋል?

ዛፍ ላይ ወጥቶ መከርከምን ሙያው ሊያደርግ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው «የጀማሪ ጥቅል» እየተባለ በአንድ ከረጢት በሚሸጠው ዕቃ ላይ ነው። በውስጡ መታጠቂያ፣ መውጫ ገመድ፣ አጭር የወገብ ገመድ፣ ቀጭን የቋጠሮ ገመድ፣ ጥቂት ካራቢነሮች (የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት ማያያዣዎች)፣ አንዳንዴም ሄልሜትና የእጅ መጋዝ ይገኛል። ሁሉንም ለየብቻ ከመግዛት እንደሚረክስ አያከራክርም። ቅናሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገመዱ ርዝመትና ከካራቢነሮቹ ዓይነት ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከረጢቱን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል።

መታጠቂያው መለያ ላይ ኢኤን 813 እና ኢኤን 358 የተባሉት የአውሮፓ ደረጃ ቁጥሮች አብረው መታተም አለባቸው። የመጀመሪያው ተቀምጦ ለመንጠልጠል፣ ሁለተኛው በወገብ ገመድ ተደግፎ ለመሥራት መፈተኑን ያሳያል። ኢኤን 361 ብቻ ካለበት የግንባታ ሠራተኛ መታጠቂያ ነው፤ የሚወድቅን ሰው ይዞ ለማስቀረት እንጂ ሰዓታት ተቀምጠውበት መጋዝ እንዲይዙበት አልተሠራም። ከፊት ለፊት መውጫው ገመድ የሚያያዝበት አጭር ገመድ ደግሞ ቶሎ ከሚያልቁት ክፍሎች አንዱ ስለሆነ ለብቻው ተፈትቶ የሚቀየር ይሁን፤ የተሰፋ ከሆነ እሱ ሲያልቅ መታጠቂያው በሙሉ ይጣላል። ልኩን ቆሞ መሞከር ምንም አይነግርም። እግር ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ አሥር ደቂቃ ያህል መንጠልጠል ነው የሚለየው፤ ጭን ከደነዘዘ ልኩ አይደለም።

ጥቅሉ በብዛት የሚያጭበረብረው ገመዱ ላይ ነው። የሚፈለገው ኢኤን 1891 ኤ፣ ውፍረቱ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊሜትር የሆነ፣ ብዙ የማይለጠጥ ገመድ ነው። የዓለት መውጫ ገመድ ውድቀትን ለማለዘብ እንዲለጠጥ የተሠራ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም፤ ወደ ላይ በተሳቡ ቁጥር ጉልበቱን የሚበላው መለጠጡ ነው። ርዝመቱን ስናሰላ ደግሞ ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ በሁለት በኩል እንደሚወርድ አንርሳ። 35 ሜትር ገመድ ለቋጠሮ የሚሄደው ሲቀነስ 16 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያበቃል፤ 45 ሜትሩ 21 ገደማ ያደርሳል። በጥቅሉ ውስጥ 25 ወይም 30 ሜትር ከተገኘ ልዩነቱን ከፍሎ ማስቀየር ይሻላል፣ ገመድ ተቀጥሎ አይረዝምምና። ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን ጫፉ ላይ ማገጃ ቋጠሮ ይታሰር፤ ሲወርዱ ገመዱ መሬት ሳይደርስ ቢያልቅ ዋናውን ገመድ ጨብጦ ሰውየውን የሚይዘው ቋጠሮ ጫፉን አልፎ እንዳይወጣ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው።

ይህ መጨበጫ ቋጠሮ የሚታሰርበት የቋጠሮ ገመድ ከዋናው መቅጠን አለበት፦ ለ11.7 ሚሊሜትር ገመድ 8፣ ለ13 ሚሊሜትር 10 ይሆናል። ሙቀት የሚችል፣ የአራሚድ ክር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ዳይኒማ የተባለው ክር ግን 150 አካባቢ ላይ ስለሚቀልጥና አንሸራታች ስለሆነ የቱንም ያህል ጠንካራ ነው ቢባል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የገንዘብ አቅም ካጠረ የብሌክ ቋጠሮ የተባለ መጨበጫ ቋጠሮ አለ። በዚያው ዓይነት ገመድ በአራት ዙር የሚታሰር ስለሆነ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ችግሩ በፍጥነት ሲወርዱበት ገጽታው እየቀለጠ መስታወት መምሰሉ ነው። ያኔ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ በዋናው ገመድ ጫፍ ከማሰር ይልቅ በተለየ ቁራጭ ገመድ ማሰር ያዋጣል፤ ሲበላሽ የሚጣለው ቁራጩ ብቻ ይሆናል።

ካራቢነሮቹ ኢኤን 362 ያላቸው፣ ለመክፈት ሦስት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች የሚጠይቁና ሲለቀቁ ራሳቸው የሚቆለፉ ይሁኑ። በጥቅል ውስጥ የሚመጡት በጠመዝማዛ የሚዘጉት ከቅርፊትና ከገመድ ጋር ሲፋተጉ ሊፈቱ ይችላሉ፤ ለመጋዝ ማንጠልጠያ ያገለግላሉ፣ ለሰው ግን አይሆኑም። የወገብ ገመዱ 3 ሜትር ከሆነ ይበቃል። ሄልሜቱ ኢኤን 12492 ይሁን፤ የኢኤን 397 የአገጭ ማሰሪያ በትንሽ ኃይል እንዲለቅ ስለተሠራ ሰው ሲወድቅ ከራሱ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

መጋዙ ላይ ጥቅሉን አንወቅስም፤ ብዙዎቹ ጠማማና ወደ ራስ ሲስቡት የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ ይጨምራሉ። 330 ሚሊሜትር ምላጭ ያለው፣ ለምሳሌ የሲልኪ ዙባት፣ እስከ 12 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ያለ ብዙ ድካም ይጥላል። ሲገፉ ኃይል መጨመር ምላጩን ያጣምመዋል። ጥርሶቹ በሙቀት የደነደኑ ስለሆኑ ሞረድ አይነካቸውም፤ ሲደንዙ ምላጩ ይቀየራል፣ ስለዚህ መለዋወጫ የሌለውን መጋዝ አትግዙ። የተወጠረ ገመድ በአንድ ስበት ሊበጥስ እንደሚችልም ይታወቅ። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ከታች አንድ ሦስተኛ ይበጣል፣ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ የቀረው ጉቶ በመጨረሻ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ካለው እብጠት ውጭ ይነሳል። የታችኛው ከተዘለለ ቅርንጫፉ ቅርፊቱን ይዞ እየገሸለጠ ይወርዳል።

ከረጢቱ ውስጥ የጠፋውና መኖር የነበረበት ሁለት ቀለበት ያለው የቅርፊት መከላከያ ማሰሪያ ነው። ያለ እሱ ገመዱ በቀጥታ ቅርንጫፉ ላይ ሲፋተግ ዛፉም ይቆስላል፣ ገመዱም ቶሎ ያልቃል። በተቃራኒው የእግር ሹል ብረት ከመጣ ዋጋው ተቀንሶ እንዲወጣ ይጠየቅ። ሕያው ሆኖ በሚቀጥል ዛፍ ላይ አይወጣበትም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ይተዋል። የሞተር መጋዝም ይቆይ። መሬት ላይ እንኳ ቢሆን ከእሱ ጋር የመከላከያ ሱሪ ስለሚያስፈልግ ወጪው ከሚታየው በላይ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የመጋዝ እጀታ፣ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ ለማሳለፍ የሚጠቅሙ የመወርወሪያ ከረጢትና ቀጭን የመወርወሪያ ገመድ ላይ ሊቆጥብ ይችላል። ታሪኩ የማይታወቅ ገመድ ወይም መታጠቂያ ግን በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ፤ ፀሐይና የባትሪ አሲድ ያደረሱበት ጉዳት በዓይን ላይታይ ይችላል። የመከላከያ ሱሪም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው የሞተር መጋዙን የሚያቆም ክር በተሳሳተ አጠባ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጪ ከማንም ማስታወቂያ ላይ አይታይም። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ቢጎዳ የሚያወርደው ሌላ መውጣት የሚችል ሰውና ሌላ ሙሉ የመውጫ ዕቃ መሬት ላይ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ለብቻው ጥቅል ገዝቶ ለሚጀምር ሰው ይህ ማለት ሁለት ጥቅል ማለት ነው። የማዳኛ ዕቃ ባለው ቡድን ውስጥ ቅርንጫፍ እየጎተቱና ገመድ እየያዙ የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ወጪ ያመልጣሉ፤ የተረፈው ገንዘብም ጥቅሉ የማይሰጠውን የመውጣትና የማዳን ሥልጠና ይከፍላል።